ያልተሰረዘው አሥር ደቂቃ

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምሮበት ቢገኝ ዳኑብ ወደ ኋላው ይፍሰስ፣ የሩሴ ከተማም ከነድልድይዋ ትስመጥ። በሩሴ ይህን ነገር የማያውቅ ሰው የለም፤ አለ ከተባለም በዚያ ሳምንት ገና አልተወለደም ነበር።

ስለ ኢንስፔክተር ራይና ቫልቼቫም ማጋነን አያስፈልግም፤ እውነቱ ራሱ ይበቃል። በሠላሳ ዓመት አገልግሎቷ ዘጠኝ መቶ ሬሳ መርምራለች። መዝገቡ ሁለት መቶ አሥር ነው የሚለው፤ መዝገብ የሚጽፉት ግን ሰነፎች መሆናቸው የታወቀ ነው። የሰውን ጫማ ከኋላ አይታ ቁርሱን ምን እንደበላ ትናገራለች። ሌቦች ገበያ መሀል ሲያገኟት ያልሰረቁትን ጭምር ይመልሳሉ። ተሳስታ አታውቅም። አንድ ጊዜ ተሳስታለች የሚሉ አሉ፤ እነሱ ናቸው የተሳሳቱት።

በመጋቢት የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኳ ጮኸ። ቆማ ባኒጻ የሚሉትን የአይብ ቂጣዋን እየገመጠች ነበር፤ የባኒጻው አይብ አገጯ ላይ እንደተለጠፈ ወጣች።

የጠሯት ከፋብሪካው ሰፈር፣ የኢንተርኔት መስመር ከሚዘረጋ ድርጅት ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ የስብሰባ ክፍል አለ። በስብሰባ ክፍሉ ጥግ ባለ በር ሲገባ ደግሞ ሠራተኞቹ «መለማመጃ» የሚሉት ጠባብ ክፍል ይገኛል፤ መስኮቱ በብረት የታጠረ፣ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ ባረጁ ራውተሮችና በተጠማዘዘ ሽቦ የተሞላ። ከዚያ በር በቀር መግቢያም መውጫም የለውም።

ኦግንያን ዶብሬቭ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለመደርደሪያው ሰጥቷል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ሽቦ ሊዘረጋ ምሰሶ የሚወጣበትን ልብሱን እንደለበሰ፣ በአገሩ ልማድ በመጋቢት ለጤና የሚታሰረው ቀይና ነጭ ክር የእጁ አንጓ ላይ እንዳለ፣ ንባብ ላይ እንቅልፍ የጣለው ተማሪ ይመስላል።

«ልብ ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ደም የለ፣ ቁስል የለ። ፋይሉን ዝጊና ቁርስሽን ጨርሺ፤ ግማሹ አገጭሽ ላይ ነው።»

ራይና አገጯን ጠረገችና ከበሩ ሥር ተንበረከከች። ቁልፉ የተሰካው በስብሰባ ክፍሉ በኩል ነው። ወለሉ ላይ፣ ልክ ከቁልፉ ሥር፣ ቁንጥር የምታህል ቀይ የዝገት ብናኝ አለች።

«ይሄ ቁልፍ ለዓመታት አልዞረም» አለች። «ዛሬ ግን ዞሯል። ልቡ የታመመ ሰው ደግሞ ራሱን ከውጭ አይቆልፍም።»

ሐኪሙ ያወለቀውን ጓንት መልሶ አጠለቀ። ይህች ሴት ከብናኝ ተነሥታ ስንቱን እስር ቤት እንዳስገባች ያውቃል።

ደረጃው ላይ የሟቹን ሚስት አገኘቻት። ስቶይና ትባላለች፤ የዳቦ ቤት ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

«ኢንስፔክተር፣ ማን ምን አደረገ አልልዎትም» አለቻት። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ብቻውን ነው የሞተው?»

«ለምን ይሄን ብቻ?»

«ብቻውን መሆን ይፈራ ነበር። ምሰሶ ላይ የማይፈራ ሰው፣ ሐኪም ቤት እንኳ ያለኔ አይሄድም። ውሾቹ እንኳ ሳይነሡ ለጥናት ሲወጣ፣ ጓደኞች አሉት፣ አብረውት ናቸው እያልኩ ነው የምሸኘው።» እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። «አሁን በር ላይ የሚለጠፈውን የሐዘን ወረቀት ጻፊ ይሉኛል። ‹በወዳጆቹ መካከል አረፈ› ብዬ ልጻፍ? ውሸት ከሆነ እጄ አይጽፈውም። እስኪነግሩኝ አላስቀብረውም።»

ራይና ቃል ገባችላት። የራይና ቃል የብረት ድልድይ ነው።

የመጀመሪያው ተጠያቂ አለቃቸው ፕላመን ነበር፤ ወንበሩ የሚጮህ፣ እሱ ግን ከወንበሩ በላይ የሚጮህ ሰው።

«ምሰሶ የሚወጣውን ክፍል ልንዘጋ ነው» አለ። «እስከ ወሩ መጨረሻ የኔትዎርክ የሙያ ምስክር ወረቀት ያመጣ ወደ ቁጥጥር ክፍል ይዛወራል። ያላመጣ በሰላም ይሂድ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ወንበሩ ሁለት ነው።»

«ለጥናት ፈቃድ ጠይቀዎት ነበር?»

«ኦግንያን ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ እምቢ አልኩት። ሰው የሚያስፈልገኝ ምሰሶ ላይ ነው፣ መጽሐፍ ላይ አይደለም።»

«ስለዚህ ከሥራ በፊት ያጠናሉ።»

«ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት፤ ከዚያ ፈረቃ ይገባሉ። ስልካቸውን ኮሪደር ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ቆልፈው እንደ መነኩሴ ይቀመጣሉ። እኔ አላስገደድኩም!»

«ማንም አስገደዱ አላለዎትም» አለች ራይና። «ለምን ላበዎት?»

ሁለተኛው ከኦግንያን ጋር ምሰሶ የሚወጣው ክሩም ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ምላሱ ከእጁ የሚፈጥን። ከኦግንያን ጠረጴዛ ላይ የተገኘውን ኃይል ሰጪ መጠጥ የሰጠው እሱ ነው። ትናንት ሲጯጯሁ መሰማታቸውንም ፕላመን ደስ እያለው ተናግሯል።

«ምን ብለህ ጮህክበት?»

«‹አንተ ሽማግሌ ከምታልፍ ዳኑብ ይደርቃል› አልኩት። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቋላ!»

«እሱስ?»

«‹ሲደርቅ በእግርህ ሩማንያ ትሻገራለህ፣ እዚያም ሚስት የሚሰጥህ የለም› አለኝ።» ሊስቅ ጀምሮ ፊቱ ተጨማደደ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነን፣ ኢንስፔክተር። ቀልድ ነው። መጠጡንም እንዳያንቀላፋ ብዬ ነው።»

ጣሳው እንደታሸገ ነበር። ክሩም ራሱ በዚያ ጠዋት ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የተበጠሰ መስመር ሊቀጥል ምሰሶ ላይ ነበር፤ ከሥር ሆነው ሲሰድቡት የነበሩ አሥራ አራት ጡረተኞች መስክረውለታል። ራይና ተወችው። ዓይኗ ግን ከመለማመጃው ጠረጴዛ የኮምፒውተር ማያ አልተነቀለም። ማያው ላይ የተጻፈው አንድ ነገር ነው፤ ራውተሩ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ ጠፍቶ እንደገና ተነሥቷል።

«ማን አጠፋው?»

«ማንም» አለ ክሩም። «ራሱ ነው። ይሄ የሽማግሌው ልማድ ነው። ሩቅ ያለ ራውተር ላይ አንድ ነገር ከመቀየርህ በፊት ‹ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራስህን አጥፍተህ ተነሣ› ብለህ ታዘዋለህ። ተሳስተህ በራስህ ላይ መንገዱን ብትዘጋ፣ አሥር ደቂቃው ሲሞላ ሳጥኑ ወደ ድሮው ይመለስልሃል። ካልተሳሳትክ ትእዛዙን ትሰርዘዋለህ። ኦግንያን ወጣት ሳለ ይህን ረስቶ፣ አንድ ሳጥን ሊያስነሣ ሰማንያ ኪሎ ሜትር በበረዶ ነድቷል።» ይህ ርቀት ዛሬ በሩሴ ሁለት መቶ ደርሷል፤ ተኩላም ተጨምሮበታል። «ከዚያ ወዲህ ለልምምድ እንኳ አንድ ቀን አልዘለለም። መሰረዙንም አንድ ቀን አልረሳም። በሃያ ዓመት!»

ራይና ማስታወሻዋን ከደነች። በጭንቅላቷ ውስጥ አሥር ደቂቃዎች ተራ በተራ ተደረደሩ።

ሦስተኛዋ ካሊና ነበረች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልጇን ከእናቷ ጋር ትታ ምሰሶ የምትወጣ፣ በሩሴ ብቸኛዋ ሴት። በዚያው ጠዋት፣ በዚያው የስብሰባ ክፍል፣ በኮምፒውተር ፈተናዋን ተፈትና አልፋለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት ራይና።

ካሊና አለቀሰች።

«ፈተናው እንዴት ነው?»

«ተቆጣጣሪው ሌላ አገር ሆኖ በካሜራ ያየናል። መነሣት የለም፣ ዞር ማለት የለም፣ መናገር የለም። ሰው ከገባ ወይም በር ከተከፈተ ይሰረዛል። አሥራ ሁለት ከአምስት ላይ ስጀምር ክፍሉን ዞሬ አሳየሁት። ‹ያን በር ቆልፊው› ብሎ ጻፈልኝ። ጋሼ ኦግንያን ውስጥ እያጠና ነበር፤ በበሩ ነገርኩት። ‹ቆልፊው የኔ ልጅ፣ እስከ ሁለት ሰዓት የትም አልሄድም፣ በርቺ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፈተና ነው። ምንም አልሰማሁም። ለሁለት አሥር ጉዳይ ሲል ‹አልፈሻል› አለኝ፤ ቁልፉን አዞርኩና እናቴ ጋ ልደውል ወደ ግቢ ሮጥኩ። ውስጥ እንኳ ሳላይ።»

ራይና ስለ መስማት አልጠየቀቻትም ነበር። ይህን ልብ አለች።

የቀረችው የፅዳት ሠራተኛዋ እትዬ ስላቭካ ናት፤ ስድሳውን ያለፈች፣ ባልዲዋን እንደ ሕፃን ከጎኗ የማትለይ።

«ስንት ሰዓት አገኘሽው፣ እትዬ ስላቭካ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ ለክሩም ነገርኩት፣ ከሥራ ሲመለስ።»

«በሩ ክፍት ነበር?»

«ያን ጊዜ? አዎ።»

ራይና አመሰገነቻት። ሌላ የሚያስጠይቅ ነገር አልታያትም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሁሉንም እዚያው የስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ስቶይና ጥቁር ለብሳ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ፕላመን፣ ክሩም፣ ካሊና በጠረጴዛው ዙሪያ። እትዬ ስላቭካ ወንበር ስታመላልስ ቆይታ ግድግዳው ሥር ቆመች፤ ውጪ ያላት አልነበረም።

ራይና ስትናገር የግድግዳው ሰዓት እንኳ ቆሞ ይሰማት ነበር።

«ከመጠጡ ልጀምር። ጣሳው አልተከፈተም፤ ክሩም ጮኸ እንጂ አልገደለም። አቶ ፕላመን ሦስት ጊዜ እምቢ ብለዋል፤ ይህ በሕሊናዎ እንጂ በሕግ አያስጠይቅም። ስለዚህ በሩ ቀረ።»

ፕላመን ሊቃወም አፉን ከፈተ፤ አየችውና ዘጋው።

«ኦግንያን በአሥራ ሁለት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ ላይ በሕይወት ነበር። ራውተሩን ‹ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተነሣ› ብሎ አዘዘ። በአሥራ ሁለት ከአርባ ሁለት ራውተሩ ጠፍቶ ተነሣ። ሃያ ዓመት መሰረዝ ያልረሳ ሰው ያን ቀን አልሰረዘም። ለምን? የሚሰርዝ እጅ ስላልነበረ። የወደቀው በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ነው።»

«እግዜር ያውቃል» አለ ክሩም በሹክሹክታ።

«እኔም አውቃለሁ» አለች ራይና። «ስልኩ ቆርቆሮ ውስጥ፣ መስኮቱ ብረት። ልቡን ያመመው ሰው ምን ያደርጋል? በሩን ያንኳኳል። ካሊና፣ ሳልጠይቅሽ ‹ምንም አልሰማሁም› አልሽኝ። ያልሰማ ሰው እንዳልሰማ አያውቅም። ስለዚህ ፈተና ሰጪዎቹን የካሜራውን ቅጂ ላኩልኝ አልኳቸው፤ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። አሥራ ሁለት ከሠላሳ ስድስት ላይ በሩ አንድ ጊዜ ይንኳኳል። አንዴ ብቻ። ዓይንሽ ወደ በሩ ይሄዳል። ተቆጣጣሪው ‹ማያውን ተመልከቺ› ብሎ ይጽፋል። ዓይንሽ ይመለሳል።»

ካሊና ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ለሲጋራ ሊወጣ መስሎኝ» አለች። «‹ቆይ› አልኩት በልቤ። ደግሞ ቢያንኳኳ ኖሮ እነሣ ነበር። እምላለሁ፣ እነሣ ነበር። ከተነሣሁ ይሰረዛል፤ ሌላ ባዶ ቀን ደግሞ ሚያዝያ ላይ ነው፣ ከወሩ በኋላ። ደግሞ አላንኳኳም... አላንኳኳም እኮ!»

«የማንኳኳት አቅም ስላልቀረው ነው» አለች ራይና። ድምፅዋ ውስጥ ድል አልነበረም። «ሕግ ለዚህ አንቀጽ የለውም። መርዝ የሰጠው የለም፣ የመታው የለም። የገደለው አንዴ ተንኳኩቶ ያልተከፈተ በር ነው። ወይዘሮ ስቶይና፣ የጠየቁኝን አልረሳሁም። ብቻውን ነው የሞተው። ከሰው የለየው ይሄ በር ብቻ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ክሩም ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ስቶይና አላለቀሰችም፤ ካሊናን ረጅም ጊዜ አየቻት፣ ከዚያ ማየቱም ከበዳትና ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለችው። የሐዘን ወረቀቱን ልትጽፍ እስክርቢቶ ይዛ መጥታ ነበር። ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

«እንዲያው አይቆጡኝና» አለ አንድ ድምፅ ከግድግዳው ሥር። «እንደሱ አይደለም።»

እትዬ ስላቭካ ነበረች። ሁሉም ዞሮ ሲያያት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ግድግዳው ግን ከዚያ በላይ አላሳለፋትም።

«ምኑ ነው እንደሱ ያልሆነው?» አለች ራይና።

«እኔ ውስጥ ነበርኩ።»

«ሁለት ሰዓት ላይ አገኘሁት ብለሽኛል!»

«አላልኩም። ሁለት ሰዓት ላይ ለክሩም ነገርኩት ነው ያልኩት። ሌላ አልጠየቁኝም።» ይህን ስትል ቅሬታ አልነበረባትም። «ጠዋት ጠዋት እሱ ጋ እገባለሁ። መጥረጊያዬን አስቀምጬ ጥያቄ አነብለታለሁ። ራሱ የጻፋቸው ካርዶች አሉት፤ ባንድ ወገን ጥያቄ፣ በሌላው መልስ። እኔ አንዱም አይገባኝም፤ ማንበብ ግን አያቅተኝም። ‹ሚስትህ ታንብብልህ እንጂ› ስለው፣ ‹እሷ ቀኑን ሙሉ ዱቄት ስትሸከም ትውላለች፤ ደግሞ ስሳሳት እንድታየኝ አልፈልግም› ይለኝ ነበር።»

ስቶይና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ያን ቀን ልጅቱ ስትቆልፍ ሁለታችንም ውስጥ ነን። ትንሽ ቆይቶ ክንዴን ጠዘጠዘኝ አለ። ላቡ ፊቱን አጠበው። ደንግጬ ሄጄ አንኳኳሁ። ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ላንኳኳ ስል ከኋላ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ‹ተዪ፣ እትዬ ስላቭካ። ከከፈተች ይሰረዝባታል። ልጅ አላት› አለኝ። ‹ያልፋል፤ ሁልጊዜ ያልፋል› አለኝ። አመንኩት። ምን ላድርግ፣ እየሳቀ ነበር።»

ካሊና ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

«ራውተሩስ?» አለች ራይና። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለ።

«ያ ሳጥን? ተቀምጠን ሳለ ድንገት ማጓራት ጀመረ። አየውና ‹ሃያ ዓመት ሙሉ ረስቼ አላውቅም› አለ። ሊነካው ብሎም አልተነሣም። ተወው።»

«ታዲያ አራት ቀን ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«‹ያመመኝን ልጅቱ እንዳትሰማ፣ ደስታዋ ይበላሻል› ብሎኝ ነበር። ሞቶም ቃል ቃል ነው ብዬ። ቁልፉን አዙራ ወደ ግቢ ከሮጠች በኋላ ነው የወጣሁት። አሁን እርስዎ ‹ብቻውን› ሲሉ ግን...»

የቀረውን ለራይና አልተናገረችም። ሄዳ ስቶይና ፊት ቆመች፤ ድምፅዋን ዝቅ ስላደረገች ሁሉም ወደ ፊት ማጎንበስ ነበረበት።

«ብቻውን አልነበረም፣ ልጄ። ከጎኑ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እጁን ይዤው ነበር። ‹እንዳልተኛ ጠይቂኝ› አለኝ። ጠየቅኩት። አሥራ አንዱን መለሰ፤ አንዱንም አልሳተም። አሥራ ሁለተኛውን ስጠይቀው ዝም አለ። የጠፋበት መስሎኝ መልሱን ነገርኩት።»